«ተንፈስ በሉ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሐምሌ 2015 ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከጽጽቃ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊጓዙ ብርድ ልብሳቸውንና ፌስታላቸውን ይዘው ከማለዳ ጀምሮ ተሰብስበዋል። መኪናው ዘግይቷል። የቀደመው ዓመት ውጤት በሁሉም አፍ ላይ ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ለፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ መሀል አንዲት ተማሪ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። «አየር አጠረኝ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሯ ደነዘዘ፤ ጣቶቿ ተኮራምተው አልዘረጋ አሉ።

(ታሪኩን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ። የምታውቋት ካላችሁ ኮሜንት ላይ ስም እንዳትጽፉ፣ አደራ።)

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ሃያ ሰው ከበባት። አንዱ በነጠላ ያራግባል፣ አንዱ ውሃ ይረጫል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ይይዛል። «ለክፏት ነው፣ ጠበል ውሰዷት» የሚልም ነበር። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አየር ስጧት! ገለል በሉ!» ይላል፤ ገለል የሚል ግን የለም።

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ እስቲ አስታውሱ። ያቺ ልጅ አየር አላጠራትም። በዝቶባት ነበር። ሰው ሲፈራ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከደሙ ውስጥ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ካርቦንዳይኦክሳይድን «የተቃጠለ አየር» እያልን እንደ ቆሻሻ ብቻ ስላስተማርናችሁ ጥፋቱ የኛም ነው፤ መጠኑ ሲያንስ የደም አሲድነት ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። ሰውየው ታድያ ይህን ሁሉ በራሱ ላይ ሲያይ «ልሞት ነው» ይላል። የባሰ ይፈራል፤ የባሰ ይተነፍሳል። እንደ ወፍጮ ድንጋይ እየዞረ ራሱን ይፈጫል።

ሰዉን እንደ ምንም ገለል አድርጌ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ትኩስ ቡና ስታበርጂ እንደምትይው እፍ በይ። ቀስ ብለሽ። እስኪያልቅ» አልኳት። አብሬያት እፍ አልኩ። መጀመሪያ አልቻለችም። ከዚያ ቻለች። አሥር ደቂቃ ያህል ሲሆን ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሜ «የትንፋሽ ልምምድ ይኸውላችሁ ተአምር ይሠራል» ብል ላይክ አገኝበት ነበር። ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ጣቶቿ ሲፈቱ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ተናገረች። ወንድሟ ከጦርነቱ ወዲህ የት እንደገባ አይታወቅም። ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሳት እሱ ነበር የሚባለው። ያቺ መኪና መጥታ እሷ ብቻዋን ከተሳፈረችበት እሱ እንደማይመለስ የተቀበለች መሰላት። ፈተናው፣ 3.3 በመቶው፣ ምናምኑ... እሱ ከላይ ያለው ነው።

በአማርኛ «ተነፈሰ» ሁለት ነገር ነው። አየር ሳበና አስወጣ ማለት ነው። ውስጡ ያለውን አወጣ፣ ተናገረ ማለትም ነው። «ትንፍሽ እንዳትል» ሲባል ማንም ሰው ሳንባውን አይዘጋም፤ አፉን ነው የሚዘጋው። ሐሳቤን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኛ አካባቢ ሠልጣኙም አሠልጣኙም፣ ቴሌግራሙም ቲክቶኩም «በረጅሙ ተንፍሱ» ሲል በመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነው። ሁለተኛውን ረስተነዋል። እንዲያውም አንዳንዴ የመጀመሪያውን የምናስተምረው ሁለተኛውን ላለመስማት ይመስለኛል።

ልምምዱን እያጣጣልኩ አይደለም፤ ይሠራል። ራሴ እጠቀምበታለሁ። አሁን እያነበባችሁ ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ፣ የደም ሥሩ ከሚመታበት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ስታስወጡ የልብ ምቱ ዝግ ሲል ታገኙታላችሁ። ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ተነስቶ ልብንም ሳንባንም ሆድንም የሚነካካ ነው፤ ትንፋሽ ሲወጣ ልብን ረገብ በል ይላል። ልባችንን በትእዛዝ ዝግ ማድረግ አንችልም፣ ጨጓራችንንም እንደዚሁ። ትንፋሽ ግን ሳናስበውም የሚሠራ፣ ስናስበው ደግሞ የሚታዘዘን ነው። በዚህች ቀዳዳ ነው ወደ ሌላው የምንገባው።

ጥናቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ በላይ ሰዎችን ለአንድ ወር በቀን አምስት አምስት ደቂቃ አለማምዶ ነበር። በስሜት መሻሻል በኩል የበለጠ የተጠቀሙት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስበው በረጅሙ የሚያስወጡት ሆኑ። ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «እፎይ» ነው! ሸክም አውርደን፣ ዳገት ወጥተን የምንለው ያው እፎይ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 400 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በደቂቃ አምስት ተኩል ጊዜ፣ ግማሹን 12 ጊዜ እንዲተነፍሱ አደረገ። ሁለቱም ቡድን ተሻለው። ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «አራት ቁጠር፣ ሰባት ያዝ፣ ስምንት አስወጣ፤ ከተሳሳትክ አይሠራም» እያለ በቁጥር የሚያስጨንቃችሁን ሰው ብዙ አትስሙት። ለጭንቀት የሚሰጥ መድኃኒት ራሱ ሌላ ጭንቀት መሆን የለበትም።

«ይሄ የዮጋ ነገር ነው፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ አላችሁ። አልቀለድኩባችሁም፤ ቁም ነገር ነው። ግን ትንፋሽ የማንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የጣሊያን ተመራማሪዎች 23 ሰዎችን ለክተው የካቶሊኮቹ የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደገም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ጊዜ ገደማ እንደሚያወርደው አግኝተዋል። የኛን ማንም ለክቶት አላየሁም። ነገር ግን ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ሲባል ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ስትጀምሩ ልባችሁ ገበያ ነው፤ ወደ ማለቂያው ስትደርሱ ትንፋሻችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ትንፋሽ ጋር ገጥሟል። ዋሽንት የሚነፋ እረኛም ቀኑን ሙሉ ሲያስረዝም የሚውለው ወደ ውጭ የሚያወጣውን ነው። አዲስ ነገር አላመጣንም ለማለት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ ዝናቡ ጠፍቶ ዝቋላ፣ ሳህላና አበርገሌ ላይ ከብቱ ሲያልቅ ያየ ያውቀዋል። ያ ሁሉ የመጣው ደግሞ ጦርነቱ ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ነው፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ ዙሪያ፣ ወለህ መጠለያ ድንኳን ውስጥ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሥልጠና ላይ ለማስተርጎም ተጠርቼ ነበር። የማን እንደነበር አልናገርም፤ ሰዎቹ ቅን ናቸው፣ መንገዱን ችለው ሌላው ያልደረሰበት ደርሰዋል። አሠልጣኟ ሴቶቹን በክብ አስቀምጣ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ» አለች። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ያ ሆድ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ባዶ ነው። አንዲት እናት ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ ቁጣም ሳይኖርባቸው፣ «ልጄ፣ እህሉ ይምጣ እንጂ ትንፋሹስ በራሱ ይመጣል» አሉ።

ማስተርጎም ነበረብኝ። አስተረጎምኩ። አሠልጣኟም አቀረቀረች፤ ልጅቷ ጥፋት የለባትም፣ የተሰጣት ይኸው ነው።

እኚያ እናት ያሉት ከሳይንሱ ጋር አይጣላም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ችግር ውስጥ ላሉ ማኅበረሰቦች ያወጣው፣ ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ የሚሰጠው የአምስት ጊዜ ውይይት አለ። ቀስ ብሎ መተንፈስ እዚያም አለ፤ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ የሚከተለው ምንድነው? ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ አንድ በአንድ መያዝ፣ ከሐዘን የተነሳ የተተወውን ሥራ ቀስ በቀስ መልሶ መጀመር፣ ከሰው ጋር መጠጋት። ትንፋሹ በሩ ነው፤ ቤቱ ከበሩ ወዲያ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በሩ ብቻ ነው። ምክንያቱም በር ርካሽ ነው። በአንድ ከሰዓት ሠልጥኖ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ አበል ተፈርሞ ያልቃል።

ሌላው የሚምታታው ጭንቀትና ድባቴ ናቸው። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ሰው ላይም አብረው ይገኛሉ። ጭንቀት የሚሮጥ ልብ ነው፤ ለሚሮጥ ልብ ልጓም ይሆነዋል ትንፋሽ። ድባቴ ግን የቆመ ነው። ከአልጋ መነሳት ዳገት የሆነበትን ሰው «ረጋ በል» ማለት ምን ይረባዋል? ከሚገባው በላይ ረግቷል እኮ! ልምምዱ ለድባቴም ጥቂት እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እንደዚያ ያለ ሰው ለአሥር ደቂቃም ቢሆን ወጥቶ ፀሐይ እንዲሞቅ፣ ከፍየሎቹ ጋር እስከ ወንዙ ደርሶ እንዲመለስ፣ ቡና ጠጡ ሲባል እንዲቀመጥ መርዳት ይሻላል። ሳምንታት ካለፉና እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ሥራው ከተበላሸ ጤና ጣቢያ። ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን የሚባሉ የቆዩ መድኃኒቶች አሉ፤ ሱስ አያስይዙም፣ ግን እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓት አይሠሩም፣ ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ በራስ ፈቃድም በድንገት አይቋረጡም። ጠበሉን ተዉ አላልኩም፤ ጠበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ።

ችግሩ ጤና ጣቢያ ሲደርስም ሕመሙ ስሙን አይናገርም። የኛ ሰው «ድባቴ አለብኝ» ብሎ አይመጣም። «ጨጓራዬን» ይላል። «ይነደኛል»፣ «ራሴን ከፍሎ ያመኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል» ይላል። የጨጓራ ሽሮፕ ይሰጠውና ይመለሳል፤ በወሩ ሌላ ሽሮፕ። ወጣቶቹ ደግሞ «ደበረኝ» የሚለውን ቃል ለሁሉም ነገር ስለተጠቀማችሁበት ኔትወርክ ሲጠፋም ደበረኝ፣ መኖር ሲያስጠላም ደበረኝ ሆኗል፤ የትኛው እንደሆነ በምን እንለየው? በዚያ ላይ ሕመሙን በኽምጥኛ የሚያስብ ሰው በአማርኛ ሲጠየቅ የሚመልሰው ግማሹን ነው። እኔ ራሴ ሳስተረጉም ስንቱን እንዳፈሰስኩት አውቃለሁ።

ስለዚህ ልምምዱን ለምትፈልጉት፣ ብዙ አላወሳስበውም። ዓይናችሁን መጨፈን ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ጦርነት ያዩ ሰዎች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የሚመጣባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ገልጣችሁ አንድ ነገር ተመልከቱ፣ እግራችሁ መሬት መርገጡን ልብ በሉ። በአፍንጫ ረጋ ብላችሁ ሳቡ፣ አትሙሉት፤ ከዚያ ትኩስ ነገር እንደምታበርዱ ከሳባችሁበት አስረዝማችሁ አስወጡ። አራት ስባችሁ ስድስት ብታስወጡ ጥሩ፤ ሦስትና አምስት ቢሆንም ማንም አይከሳችሁም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ካዞራችሁ እየበዛባችሁ ነውና ቀንሱ። በፊልም እንደምታዩት ከረጢት አፋችሁ ላይ እንዳትደፍኑ፤ ሕመሙ የልብ ወይም የሳንባ ከሆነ ይጎዳል። የደረት ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም አስም ያለበት ሰው ካፈነው፣ ትንፋሽ አታለማምዱት፤ ወደ ሐኪም ነው። ደግሞ የምትለማመዱት ሰላም በሆናችሁበት ሰዓት ይሁን። ልብ መሮጥ ከጀመረ በኋላ አዲስ ነገር መማር፣ ጎርፍ ሲመጣ ዋና እንደመማር ነው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ለናንተ የተለየ ልመና አለኝ። ከፈተና በፊት አምስት ደቂቃ ስጧቸው። ምንም በጀት አይጠይቅም። ግን እባካችሁ ስድስተኛዋን ደቂቃ አትርሱ። ትንፋሹ ሲረጋ አንዱ ቀና ብሎ ያያችኋል፤ ሊናገር የፈለገ ልጅ አስተያየቱ ያስታውቃል። ያን ጊዜ «በርታ» ብላችሁ አትለፉት። «በርታ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ «ትንፍሽ እንዳትል» የሚለው ቃል ጨዋ ልብስ ነው። «ምን ሆንክ?» በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። ልጁ ወይም ልጅቷ «መሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ ስብከትም አትጀምሩ፤ ብቻውን አትተዉት፣ ከቤተሰቡ ከሚያምነው ሰው ጋር ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከባድ ከሆነ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ድረስም ቢሆን። እያሰበው ከሆነ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ እኔም እፈራ ነበር።

ለባለሥልጣኖቹ የምለው ብዙ ነበር፣ እነሱ ግን ፌስቡኬን አያነቡም። አንዱን ብቻ፦ ትንፋሽ የሚያሠለጥን ሰው ስትልኩ እህል የጫነው መኪና ቀድሞት ይድረስ፤ ወይ አብረው ይድረሱ።

ያቺ ልጅ መኪናው መጥቶ ተሳፈረች። ወንድሟ ዛሬም አልተገኘም። አለፈች ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ የሷ ጉዳይ ነው፣ አልነግራችሁም። ባለፈው ስትደውልልኝ ግን ምን አለችኝ መሰላችሁ፦ እናቷ ሌሊት ሌሊት ደረቷን ያፍናታል። «እፍ በይ» ብላ ልታስተምራት ሞከረች፤ እናትየዋ አማርኛው ስላልተመቻት እንደ ቀልድ አይታ ሳቀችባት። ከዚያ በኽምጥኛ፣ እናቷ ሕፃን ሆና ስታባብላት በነበረበት አነጋገር ነገረቻት። ያኔ ተኛች።

እና ኽምጥኛ አቀላጥፋችሁ የምትናገሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሰቆጣም ያላችሁ፣ ባሕር ዳርም፣ ውጭ አገርም ያላችሁ፣ አምስት ደቂቃ የምትሆን ድምፅ ቅዱልኝ። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ አያስፈልግም፤ የእናታችሁ ዓይነት ድምፅ ይሁን። ዓይን ጨፍኑ የሚል አይኑርበት። መጨረሻው ላይ «አጠገብሽ ላለው ሰው ምን እንደሆንሽ ንገሪው» የሚል ይግባበት። በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ኔትወርክ ለማይደርስባቸው ቀበሌዎች የገበያ ቀን ዘፈን ከሚጭኑት ልጆች ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ በነፃ ይጭኑታል።